ስርጭቱን አስቁሞ ማንበብ

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ፕላዝማ ሲባል ምን እንደሆነ አይጠይቅም። በሳተላይት የሚመጣው የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጥላል፣ ለመልሱ ጥቂት ጊዜ ይሰጥና ተማሪው ደረሰበትም አልደረሰበትም ጉዞውን ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር «አንዴ ቆይ» ሊለው አይችልም፤ ትምህርቱ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ነውና። ስለ ፕላዝማ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩ ሁሉ ግን በቴሌቪዥን ስለ መማር እንጂ ስለ ቴሌቪዥን ስለ መማር አልነበረም። ይህን ማን አሰናዳው? ካሜራው ለምን እዚህ ቆመ? ምን ተቆርጦ ቀረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተመደበ ክፍለ ጊዜ አልነበረም።

እንግሊዝ ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አድርገዋቸዋል፤ ስሙም የሚዲያ ጥናት ነው። ተማሪው በ16 ዓመቱ ገደማ በሚፈተነው ጂሲኤስኢም ሆነ በ18 ዓመቱ በሚፈተነው ኤ ሌቭል ሊመርጠው ይችላል። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ሌን ማስተርማን የተባሉ ምሁር ቴሌቪዥንን ስለ ማስተማር የጻፉት መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም የ19 አገሮች ተወካዮች በምዕራብ ጀርመን ግሩንቫልድ በዩኔስኮ ጥሪ ተሰብስበው የሚዲያ ትምህርት እንዲስፋፋ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ጥናቱን በአራት ይከፍለዋል፦ የሚዲያ ቋንቋ፣ ውክልና፣ የሚዲያ ኢንዱስትሪ፣ እንዲሁም ተመልካችና አድማጭ። ከውጤቱ 70 በመቶው የጽሑፍ ፈተና ነው፤ 30 በመቶው ተማሪው ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ሥራ ነው።

ካሜራና ማይክሮፎን በክፍሉ ውስጥ ቢኖሩም ዋናው መሣሪያ ማቆሚያዋ ቁልፍ ናት። የአንድ ደቂቃ ዜና ይከፈታል። አንድ ጊዜ ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ምስሉ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እየቆመ፣ እየተመለሰ፣ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ይቆጠራል፤ ማን በስሙና በማዕረጉ እንደቀረበ፣ ማን ደግሞ ስም የለሽ ሆኖ በጀርባ እንዳለፈ ይመዘገባል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ፊደል ከመቁጠር የማይተናነስ መሠረታዊ ትምህርት ነው እላለሁ። መጽሐፍ አንባቢውን ይጠብቃል፤ ያልገባው ገጹን መልሶ ይገልጣል፣ የተጠራጠረ ጣቱን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ያሳርፋል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ግን ይፈስሳሉ። የሚያሳምኑን በሚሉት ነገር ብቻ ሳይሆን ለማመዛዘን ፋታ ባለመስጠታቸውም ነው። ስለዚህ እነሱን ማንበብ የሚጀምረው እነሱን ከማስቆም ነው።

ማስረጃው ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ የተመልካቹ ልብ ተነክቶ ብዙ እርዳታ ተዋጣ። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። አሁን ግን በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ድሎት ገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ብቻ ነው ማለት የወራቱን የወታደርና የሠራተኛ እንቅስቃሴ መርሳት ይሆናል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የተራቡት በእርግጥ ተርበው ነበር፤ ግብዣውም በእርግጥ ተደርጎ ነበር። ክሱ የተጻፈው ግን በየትኛውም ምስል ላይ ሳይሆን በሁለቱ መጋጠሚያ፣ ተቆርጦ በተቀጠለበት ቦታ ላይ ነው። ለንደን ላይ «እርዱ» ያለው ምስል አዲስ አበባ ላይ «ፍረዱ» አለ። ይህን መጋጠሚያ ማየት የዓይን ጥራት አይጠይቅም፤ ልምምድ ይጠይቃል።

ድምፅም የራሱ መጋጠሚያ አለው። ኤኪውኤ የተባለው የእንግሊዝ ፈተና አዘጋጅ ለኤ ሌቭል ተማሪዎች ከመረጣቸው ሥራዎች አንዱ ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 በአሜሪካው ሲቢኤስ ያቀረበው «የዓለማት ጦርነት» የተሰኘ የሬዲዮ ድራማ ነው። ድራማው ድራማ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ተነግሯል፤ ዘግይቶ የከፈተ ግን የሚሰማው የዳንስ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃው ይቋረጥና አጭር ዜና ይገባል፤ ሙዚቃው ይመለሳል፤ እንደገና ይቋረጣል። በመጨረሻ ዘጋቢው ኒው ጀርሲ ውስጥ ግሮቨርስ ሚል ከተባለች መንደር ከማርስ የመጡ ፍጡራንን እያየ ሲያስተላልፍ ድምፁ በድንገት ጸጥ ይላል። ዘጋቢውን የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ ለዚህ የተዘጋጀው ሂንደንበርግ የተባለችው የጀርመን አየር መርከብ በ1937 ስትቃጠል የተቀዳውን እውነተኛ የሬዲዮ ዘገባ ደጋግሞ በማዳመጥ ነው። ተማሪው ያችን ጸጥታ አስቁሞ ሲመረምር አንድ ነገር ይገባዋል፦ በሬዲዮ ላይ እውነት የሚመስለው ቃሉ ሳይሆን የዜና ቅርጹ ነው፤ ቅርጹን ደግሞ መዋስ ይቻላል።

ትምህርቱ እዚህ ቢያበቃ «የዋህ አድማጮች በሬዲዮ ተታለሉ» የሚል ተረት ሆኖ በቀረ ነበር። ጥሩ መምህር ግን በማግስቱ የወጡትን ጋዜጦች ያመጣል። ኒው ዮርክ ታይምስ አድማጮች በድንጋጤ እንደተዋጡ በፊት ገጹ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ተመራማሪ ያሳተሙት ጥናት ድራማውን 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሰማውና ቢያንስ 1.2 ሚሊዮኑ እንደተረበሸ ገመተ። በሌላ በኩል በዚያው ምሽት የአድማጭ ቁጥር የሚለካው የሁፐር ድርጅት በስልክ ከጠየቃቸው ሰዎች ያንን ድራማ እየሰሙ የነበሩት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ብዙው አድማጭ ታዋቂ የአስቂኝ ዝግጅት በሚተላለፍበት ሌላ ጣቢያ ላይ ነበር። በቅርብ ዘመን ጉዳዩን የመረመሩ የሚዲያ ታሪክ ተመራማሪዎች ድንጋጤውን ያጋነኑት ጋዜጦቹ ናቸው ይላሉ፤ ሬዲዮ የማስታወቂያ ገቢያቸውን እየወሰደባቸው ስለነበር ሬዲዮ የማይታመን መሆኑን ማሳየት ይጠቅማቸው ነበር። የሬዲዮውን ማታለል ሲፈልግ የነበረው ተማሪ የጋዜጣውን ጥቅም አገኘ ማለት ነው። ከአራቱ የጥናቱ ክፍሎች ሦስተኛው፣ ኢንዱስትሪ የሚባለው፣ ለምን እንደተጨመረ የሚገባው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ትምህርት ቀላል ነው የሚል ነው። እንግሊዝ ውስጥ «የሚኪ ማውስ ትምህርት» የሚል ቅጽል ከወጣላቸው አንዱ ነው፤ ቴሌቪዥን ለማየት ትምህርት ቤት መሄድ ምን ያስፈልጋል ይባላል። ነገር ግን አማርኛ ስለምንናገር የአማርኛ ሰዋስው ትምህርት አያሻም አላልንም። የሬዲዮ ድራማውን ጉዳይ የሚመዝን ተማሪ ቀረጻ ያዳምጣል፣ ሁለት የማይገጥሙ አኃዞችን ያስተያያል፣ የምስክሩን ጥቅም ይጠይቃል፤ ይህ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። የራሱን ዜና አቀናብሮ እንዲያቀርብ መደረጉም ጊዜ ማባከን አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለቅኔ አልተባለም፤ ራሱ ይቆጥራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የአሥር ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ወደ አርባ ሰከንድ ያሳጠረ ልጅ የጣለውን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሌላውን ሰው አርባ ሰከንድ ሲሰማ የተጣለውን መጠየቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ልጅ ሁሉን እንዲጠራጠር ካስተማርነው የሚያምነው ያጣል፤ «ሁሉም ውሸታም ነው» ብሎም ለባሰው ውሸታም ይመቻቻል። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ደካማ መምህር እጅ ከወደቀ ትምህርቱ ይህንኑ ያፈራል። መድኃኒቱ ግን አለማስተማር አይደለም። የወሎውን ፊልም እናስታውስ፦ የተቀነባበረ ማለት የተዋሸ ማለት አይደለም፤ ረሃቡን ደብቀው የነበሩት ሹማምንት ናቸው፣ ካሜራው ነው የገለጠው። ማንኛውም ዘገባ ምርጫ መሆኑን የተረዳ ተማሪ ቀጥሎ የሚማረው ምርጫን ከምርጫ መለየት ነው። ምንጩን የሚናገር ጣቢያ ከማይናገረው፣ ስህተቱን የሚያርም ከማያርመው አንድ አይደለም። ጨርሶ የማያምን ሰውና ሁሉን የሚያምን ሰው አንድ ድካም ሸሽተዋል፤ ሁለቱም አልመዘኑም።

ሦስተኛው ወገን ዘመኑ አልፎበታል ይላል፤ ወጣቱ በስልኩ እያየ ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማጥናት ለምን? በስልክ የምናየው የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ግን ሰዋስዉን ከየት አመጣው? ፊትን አቅርቦ ማሳየቱ፣ ከስር የሚፈሰው ሙዚቃ፣ የዜና አንባቢው አነጋገር፣ ተቆርጦ የሚቀጠለው ምስል፣ ሁሉም ከእነዚያ ከሁለቱ የተወረሱ ናቸው። ስልኩ የጨመረው ፍጥነትን ነው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የማስቆም ችሎታ ዋጋው ይጨምራል። ለዚህም ስቱዲዮ መገንባት የግድ አይደለም። በአንድ ስልክ የተቀዳ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ ዜና፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ። ፕላዝማው የማይሰጠው ነገር አንድ ነበር፤ መምህሩ እጁን አንስቶ «አንዴ ቆይ፣ መልሰን እንየው» የማለት ዕድል። በሚዲያ ጥናት ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚጀምረው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።