ሞተር ብስክሌት በዋግ ቁልቁለት

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ሰሃላና ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው የእግረኛና የበቅሎ መንገድ አንድ አህያ ከነጭነቷ ብቻ የምታልፍበት ጠባብ ፍኖት ሲሆን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ከነክትባቱ፣ የግብርና ሠራተኛውንም ከነምክሩ ወደ ቀበሌው የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት በዚህ ፍኖት ላይ የሚፈጽመው አገልግሎት የሚገባውን ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም። ሁለት ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን እንዳለው ሁሉም ያውቃልና በዚህ ላይ ቃል አላበዛም።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ቁልቁለት ነው። ሰው ሁሉ ሞተርን በዳገት ይመዝናል፤ የነጂው ጥበብ የሚገለጸው ግን ሲወርድ ነው። ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለቱ እንደ ጀመረ ማርሹን ፎሌ ያደርጋሉ፤ ይህም ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው፤ የነጂውና የጭነቱ ክብደት በሙሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቅና ሸራው በጋለ ቁጥር የመያዝ ኃይሉ ይደክማልና። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ጋዙን ዘግቶ የሚወርድ ሰው ግን፣ የኋላው ጎማ በካቴናው አማካይነት ሞተሩን ለማዞር ስለሚገደድ፣ አየር የተነፈገው ሲሊንደርም ፒስቶኑን ስለሚያከብድበት፣ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱ ይገታለታል። ይህ በረከት በአራት ምት ሞተር ላይ የጸና ነው፤ እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባለው የሁለት ምት ሞተር ላይ ግን ደካማ በመሆኑ የኋላውን ፍሬን በስሱ ማገዝ ያሻል። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በሚቀዳበት ሞተር ደግሞ ጋዝ ሲዘጋ ዘይትም ስለሚቀንስ፣ በረጅም ቁልቁለት ጋዙን አልፎ አልፎ ከፈት ማድረግ ግዴታ ነው።

አንድ ጊዜ የክትባት ሣጥን ከኋላው ያሰረ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲወርድ ተከትዬው ነበር። በመርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱን አላልቶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ስቦ፣ ዓይኑን ከጎማው ሥር አንሥቶ በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ የፊቱን ፍሬን በልቅ ጠጠር ላይ በድንገት የጨበጠ መሪው እንደሚከዳው ያውቃልና በሁለት ጣት ብቻ ይነካካዋል። የተጫነች በቅሎ ብትመጣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባለቤቱን «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብሎ ያሳልፋታል። ከታች ስንደርስ የኋላውን ጎማ መሐል በመዳፌ ብነካው ለብ ከማለት አላለፈም፤ አብሮን ማርሹን ፎሌ አድርጎ የወረደ የአንድ ባልንጀራው ሞተር ግን የተቃጠለ ሸራ ይሸት ነበር።

ለበቅሎዋ የታየው አክብሮት ለቤተ ክርስቲያንም ይገባል፤ በመንገዱ ላይ የቀረው ጥድና ወይራ አብዛኛው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን የተጠበቀ ነው። አባቶቻችን በዚያ ሲያልፉ ከበቅሎ ወርደው ይሳለሙ እንደ ነበር እያወቁ፣ ዛሬ ሞተር እያስጮኹ በዛፎቹ መካከል ሰንጥቀው የሚያልፉ ወጣቶች ሊታረሙ ይገባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ሰሃላ የምትወርድ ወንድሜ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድመህ ማርሽህን ዝቅ አድርግ፤ ከጀመረ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው።