ዘመድ የሌለው ተለማማጅ የት ይደር?

አሰላ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለአራት ወር ልምምድ የተላከች የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበረች። የምዘና ቅጿ ሲመለስ «ሰዓት ማክበር» በሚለው ረድፍ ከ10 ነጥብ 3 አግኝታለች። ከጎኑ በእስክሪብቶ «መጀመሪያ አካባቢ ታረፍዳለች፣ ትቀራለች፤ ለሥራው ፍላጎት አልታየባትም» ተብሎ ተጽፏል። ያንኑ ጊዜ የሚሸፍነው ሎግ ቡኳ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የፊተኞቹ ገጾች ላይ የቶርኖው ክፍሎች በእርሳስ በጥንቃቄ ተስለዋል። የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ የደላሎች ስልክ ቁጥር ተደርድሯል፤ በየቁጥሩ ሥር ደግሞ አጭር ማስታወሻ አለ፦ «ሰርቪስ፣ ውኃ በፈረቃ»፣ «የ6 ወር ቅድሚያ»፣ «ለተማሪ አይሰጥም»፣ «ዋስ ይፈልጋሉ»።

ልጅቷ የመጣችው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ቤት እስክታገኝ ድረስ አዳማ፣ የክፍል ጓደኛዋ ቤተሰቦች ዘንድ እያደረች 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ትመላለስ ነበር። መኪናው እስኪሞላ ጠብቃ፣ ኢተያን አልፋ፣ አሰላ መናኸሪያ ወርዳ፣ ባጃጅ ይዛ ስትደርስ ሥራው ተጀምሯል። ቀረች የተባለባቸው ቀናት ቤት የምታይባቸው ነበሩ፤ ደላላ ቤት የሚያሳየው በሥራ ሰዓት ነውና። ቅጹን የሞላው ሱፐርቫይዘር ያየውን ጻፈ። የት እንደምታድር ግን እሱም አልጠየቃትም፣ የላካት ትምህርት ክፍልም አልጠየቃትም።

ተማሪዎችን ለልምምድ በመመደብና ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄዶ በመገምገም ዓመታት ላሳለፈው የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ቅጽ እንግዳ አይደለም። የሚያንገበግበው በየምደባው ስብሰባ የሚደጋገም አንድ አባባል ነው፦ «ዘመድ አያጡም»። የመኝታ ነገር በተነሳ ቁጥር ይህ ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል።

ዘመድ ያጣሉ። በማዕከል ምደባ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የተሰባሰቡ ልጆች በማያውቁት ከተማ ዘመድ ይኖራቸዋል ብሎ ማሰብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይከብዳል። ያም ሆኖ ጉዳቱ የሚጀምረው ዘመድ ካጡት ላይ ብቻ አይደለም። የምርጫ ቅጾቹን ያገላበጠ ሰው ተማሪዎች ቦታ የሚመርጡት በሙያው ሳይሆን በዘመዱ እንደሆነ ወዲያው ያያል። የአፈር ትምህርት የሚወደው ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቢሮ ይመርጣል፤ አክስቱ ኮተቤ ስለምትኖር። ስንዴ ማዳቀል ለመማር የምትጓጓዋ ልጅ ደግሞ ትውልድ መንደሯ ካለ ጽሕፈት ቤት ገብታ ፋይል ስታስተካክል ትከርማለች፤ እናቷ ቤት ስለምታድር።

ስንዴ ማዳቀል ለመማር የጓጓችው ልጅ የቀረባት ምን እንደሆነ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከካዱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ዘመን አንስቶ በስንዴ የሚታወቅ ቦታ ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲያወድም፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ሌላ ዝርያ በባሌና በአርሲ ሲመታ፣ ገበሬው የሚተካበትን ዘር የጠበቀው ከእንዲህ ዓይነት ማዕከላት ነው። የዋግ ንባብ ደግሞ ከመጽሐፍ አይለመድም። ተለማማጁ ከአንባቢው ጎን ሆኖ በየመደቡ ጎንበስ ይላል፤ ከቅጠሉ ምን ያህሉ በዋግ እንደተሸፈነ በመቶኛ ይገምታል፤ የተክሉን ምላሽ በፊደል ይጨምራል፤ መዝገቡ ላይ «60ኤስ» ብሎ ይጽፋል። 60ው የሽፋኑ መጠን ነው፤ ኤሱ ተክሉ ተጋላጭ መሆኑን ያመለክታል። ከዚያም ከቀናት በኋላ ያንኑ መደብ ተመልሶ ያነባል። ዓይን የሚሠለጥነው በዚህ ድግግሞሽ ነው፤ በሽታውም ተማሪው ቤት እስኪያገኝ ቆሞ አይጠብቅም። የቢራ ገብስም እንዲሁ ነው፤ ገብሱን ከማሳ እስከ ብቅል ፋብሪካ ተከትሎ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አሰላ ነው። እዚህ መምጣት ያለበት ተማሪ የሚቀረው አልጋ አጥቶ ከሆነ፣ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዘመድ ያላቸውስ? ዘመድ ቤት በነጻ አይታደርም፤ ክፍያው በብር አለመሆኑ ብቻ ነው። አጎቷ ቤት ያረፈች ተማሪ ከሥራ ስትመለስ ሊጥ ይጠብቃታል፤ ውኃ ሌሊት ከመጣ ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት፤ ልጆቹን የምታስጠናውም እሷ ናት። ወንዱ ሱቅ ይጠብቃል። ዘመዶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የእንጀራ ዋጋ በዚህ በናረበት ዘመን አንድ አፍ መጨመር ከባድ ነው፤ ተማሪውም ባዶ እጁን መቀመጥ ያሳፍረዋል። ይሉኝታ ሁለቱንም ወገን ዝም ያሰኛል። ሪፖርቱ በመጨረሻው ሳምንት ተጣድፎ ሲጻፍ «ሰነፍ» የሚባለው ግን ተማሪው ብቻ ነው። ከዚህ የከፋም አለ፤ በሯ ከውስጥ የማትቆለፍ ክፍል ተሰጥቷት፣ ምክንያቱን ለማንም ሳትናገር ልምምዷን አቋርጣ የተመለሰች ልጅ አለች። ከዚያ በኋላም በስብሰባ ላይ «ዘመድ አያጡም» ሲባል መስማት ያማል።

ሌላው የተለመደ መልስ «አሰላ እኮ እንደ አዲስ አበባ አይደለም፣ ርካሽ ነው» የሚል ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደመወዝ ለሌለው ሰው ግን ንጽጽሩ ትርጉም የለውም። የሚከራየው ክፍል ባዶ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት፤ ከቆላ የመጣ ልጅ በአንዲት አንሶላ ሲሚንቶ ላይ አያድርባትም። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ባልዲና ቡታጋዝ ሲገዛ ገንዘቡ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጠዋትም ማታም በሶ ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን ተከራይ አላሰበውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ለአራት ወር ለመጣ ተማሪ ግን የሁለት ዓመት ውል ምን ይሠራለታል? ስለዚህ በቃል ይስማማል፤ በቃል ሲስማማ ደግሞ ቅድሚያውን የሚወስነው አከራዩ ነው፤ የአዋጁ ከለላ አይደርሰውም።

አከራዮቹም የራሳቸው ፍርሃት አላቸው። በር ሲንኳኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ብር አይደለም፤ «የማን ልጅ ነሽ? እዚህ ማን ያውቅሻል?» ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣችው ተማሪ በመጨረሻ ክፍል ያገኘችው ከወርክሾፑ ሠራተኞች አንዷ አብራት ሄዳ፣ ለአከራይዋ በአፋን ኦሮሞ «ከእኛ ጋ ነው የምትሠራው፣ እኔ አውቃታለሁ» ስላለችላት ነው። ይህ ድርጅቱን አንዲት ሳንቲም አላስወጣውም። የመጀመሪያው ቀን ሊደረግ ይችል ነበር።

የቀድሞዎቹ ከቤቱ ርቆ የሚላክ ተማሪ የሚኖርበት ነገር እንደሚያስፈልገው ሳይረዱት አልቀሩም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሲልክ የኑሮ አበል ይቆረጥለት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ሌላው ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ 60 ሺህ ገደማ ዘማቾችን ሲያሰማራ በየጣቢያው መድቧቸው ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ቋንቋ እየተማሩ የሚመኙት የጀርመኑ የሙያ ሥልጠና፣ አውስቢልዱንግም፣ ተለማማጁ ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ የተወሰነለት ነው፤ የሥልጠና ቦታው ከወላጆቹ ቤት ሩቅ ከሆነም ለመኖሪያው መንግሥታዊ ድጎማ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። እዚያ «ዘመድ የለህም ወይ?» አይባልም።

እኛ ዘንድ ገንዘብ የለም ይባላል። አልጋ ግን አለ። ከአርባ ምንጭ ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የወጣ ተማሪ ዶርም ውስጥ ያለው አልጋው ባዶውን ይከርማል። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ወደ ሌላ ከተማ ሲወጣ አሰላ ያለው አልጋው እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲዎች የልምምድ ጊዜያቸውን አስቀድመው ተነጋግረው እነዚህን አልጋዎች ቢለዋወጡ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። አሁንም በደብዳቤ የሚሳካበት ጊዜ አለ፤ ግን የሚሳካው አስተባባሪው እዚያ የሚያውቀው ሰው ካለ ነው። አሁንም ዘመድ!

የወጪ መጋራት ውልም እዚህ ላይ ይነሳል። ተማሪው በሚፈርመው ቅጽ ላይ ምግብና መኝታ በዓይነት ወይም በጥሬ ገንዘብ የሚል ምርጫ ሰፍሯል። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ስላለ፣ ለልምምድ የወጣ ተማሪም የምግቡን በእጁ ካገኘ ጥቂት ይተነፍሳል። የመኝታው ጉዳይ ግን በምደባ ስብሰባ ላይ ሲነሳ አይሰማም።

ለቀጣዩ ዙር ምደባ የምርጫ ቅጹ ላይ «የሚያድሩበት ቦታ» የሚል አንድ ረድፍ ይጨመር። ረድፉ ባዶ ከሆነ የትብብር ደብዳቤው ማኅተም ከማረፉ በፊት አስተባባሪው ተቀባዩ ድርጅት ዘንድ ይደውል፤ ከተማሪው ጋር ቤት የሚያይ አንድ ሠራተኛ ስሙና ስልኩ ይታወቅ። የምዘና ቅጹም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰዓት ማክበር በነጥብ አይቁጠር፤ በዚያ ረድፍ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ተማሪው የት እያደረ እንደሚመጣ ይጻፍበት።