ዲስክ ሲሞት ፋይል እንዳይሞት

ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። ፕሮቶኖች እዚያ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርሱበት ጥቂት በቀረው ሩጫ ይላተማሉ፤ ግጭቱ በሰከንድ እስከ 1 ቢሊዮን ይደርሳል። ግጭቱን የሚመዘግቡት መሣሪያዎች አብዛኛውን መረጃ እዚያው ይጥሉታል። የሚቀረው ጥቂቱ ነው፤ ያ ጥቂት ግን ተራራ ያህላል።

የዋሻው ባለቤት ሰርን፣ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ለዚህ መረጃ ማኖሪያ ኢኦስ የተባለ ሥርዓት ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ አዋለ። የማይበላሽ ውድ ዕቃ ፍለጋ አልወጣም። ከገበያ ርካሽ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ፣ እንደሚበላሽም አስቀድሞ አምኖ ተነሣ። የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

አሠራሩ መዝገብ ቤትን ያስታውሳል። ማውጫው ለብቻው ተቀምጧል፤ የቱ ፋይል የቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃል። የተመራማሪው ኮምፒውተር ማውጫውን ጠይቆ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፤ ሺዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡም በአንድ በር አይጋፉም። ፋይሉ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል፤ አለዚያም ተቆራርጦ ማካካሻ ስሌት ይታከልበታል። የስሌቱን መሠረት ማንም ይረዳዋል፦ 4ን፣ 7ን እና ድምራቸውን 11ን ሦስት ቦታ ያስቀመጠ ሰው 7 ቢጠፋበት፣ ከ11 ላይ 4 ቀንሶ መልሶ ያገኘዋል።

ትልቅ ማከማቻ ብቻውን ግን አልበቃም። ሠራተኞች የዕለት ፋይላቸውን እንደ ድሮፕቦክስ ባሉ የውጭ አገልግሎቶች ላይ ያኖሩ ነበር፤ ምቹ ነዋ! ሰርን ያንኑ ምቾት በራሱ ቤት አዘጋጀና ሰርንቦክስ አለው። በላፕቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ከኢኦስ ጋር ራሱን ያመሳስላል፤ የፊዚክስ መረጃውና የሪፖርቱ ረቂቅ በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። ሰው የሚወደውን ነገር ሳይነጥቁ ወደ ቤት ማስገባት ከቴክኒኩ ያላነሰ ጥበብ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የዲስክ ማከማቻው አቅም 1 ኤክሳባይት፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ቴራባይት፣ አለፈ፤ ይህም በ111 ሺህ የማከማቻ መሣሪያዎች ላይ የተዘረጋ ነበር። በዚህ ብዛት መሃል የዲስክ መሞት ብርቅ አይደለም። ባለሙያው የሞተውን ነቅሎ አዲስ ይተክላል፤ ፋይሉን የከፈተው ተመራማሪ ግን ንባቡን አላቋረጠም።