ውሃና ዘይት ሲታረቁ

የወጥ ድስት ያለ ሳሙና ለማጠብ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቅባቱ ከውሃው ሸሽቶ ድስቱ ላይ ሙጭጭ ይላል። የኬሚስቶችም ራስ ምታት ይኸው ነው። መድኃኒት የሚሠራባቸው አብዛኞቹ የካርቦን ውህዶች ውሃ ስለማይወዱ፣ ፋብሪካዎች በአመዛኙ ከነዳጅ ዘይት በተገኙ አሟሚ ፈሳሾች ውስጥ ያዋህዷቸዋል። ፈሳሾቹ ብዙዎቹ ተቀጣጣይ፣ አንዳንዶቹም መርዛማ ናቸው፤ ከመድኃኒት ፋብሪካ ቆሻሻም ትልቁ ድርሻ የእነርሱ ነው።

ታዲያ ለምን በሳሙናው መንገድ አንሄድም ካሉት አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ፕሮፌሰር ብሩስ ሊፕሹትዝ ናቸው። የሳሙና ሞለኪዩል አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ቅባት ይወዳል። ውሃ ውስጥ ሲበዙ ቅባት ወዳዱን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርገው ይሰበሰቡና ድቡልቡል ይሆናሉ፤ ይህም ሚሴል ይባላል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረጉት ሳሙና መሰል ውህድ፣ ቅባት ወዳድ ጫፉ ቫይታሚን ኢ ነው። የድቡልቡሎቹ ስፋት 50 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 1 ናኖሜትር የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ውሃ ያባረራቸው ውህዶች በዚያች ጠባብ ጎጆ ታጭቀው ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜም እሳት አያስፈልጋቸውም።

መገናኘታቸው ብቻ ግን አይበቃም፤ ካታሊስት ያስፈልጋል። ካታሊስት እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ ራሱ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ካርቦንን ከካርቦን በማጣመር ስሙ የገነነው ፓላዲየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሄክ፣ ኔጊሺና ሱዙኪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በእርሱ ሥራ ነበር። ሆኖም ውድ ብረት ነው። በተለመደው አሠራር ለ100 ሞለኪዩል ከ1 እስከ 5 የፓላዲየም አቶም ይጨመራል። የሊፕሹትዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት ግን ርካሹን ብረት በናኖ ቅንጣት አዘጋጅቶ፣ ፓላዲየሙን ለአንድ ሚሊዮን ሞለኪዩል ወደ ጥቂት መቶ አቶም አወረደው። ሥራውም በውሃ ውስጥ ተሳካ።

ይህንን በክፍል ሳስረዳ አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ውሃውስ በኋላ የት ይደፋል?» አለችኝ። ከጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሳሙናው ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ ምርቱ ከወጣ በኋላ ውሃው ተመልሶ ደጋግሞ ይሠራል። ምርቱን ለማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት አሟሚ ፈሳሽ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይም ሳሙናውን፣ ጨውንና የብረት ርዝራዥን የያዘው ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ሊገባ አይችልም፤ የማጣሪያው ወጪም ከሒሳቡ ጋር ይደመራል።