መተማ የተመደበች ነርስ፦ ፈቃዷ፣ አበሏና ግብሯ

ከጎንደር ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ መተማ ዮሐንስ ይደረሳል። ከተማዋ የምታልቀው አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይሻገራል። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ይጎርፋል፤ ሌሊቱንም ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ስንጥቅጥቁ በወጣ መረሬ መሬት ላይ ያድራል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ የምትራባ አንዲት ትንሽ ዝንብ አለች፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት።

ካላዛር ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ በየቀኑ፣ ለ17 ቀናት፣ በመርፌ መስጠት ነው። መርፌውን የምትወጋው፣ በየቀኑ ትኩሳቱን የምትለካው፣ ጣፊያው መጉደል አለመጉደሉን የምትከታተለው ነርስ ናት። ሕክምናው በመካከል ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ቆላው ነርስ ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ የመጣችው መቆየት አለባት።

አንዲት ነርስ ከቤቷ ርቃ እንድትሠራ ሁለት ነገሮች መሟላት ይኖርባቸዋል። አንደኛው በሄደችበት ቦታ የመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ከቤት መራቅን የሚክስ ገንዘብ። በዚህ ጉዳይ ረጅም ልምድ ያላት አሜሪካ ስለሆነች፣ የእሷን አሠራር ማየቱ የእኛን ለመረዳት ያግዛል።

በአሜሪካ የነርስን ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጥቂት ግዛቶች አንዱ የሰጠውን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል የሚያደርግ ስምምነት ጀመሩ፤ በ2018 በታደሰ መልክ ሥራ ላይ ዋለ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ግዛቶች ገብተውበታል። ፈቃዱን የምትሰጠው ነርሷ በቋሚነት የምትኖርበት ግዛት ናት፤ ነርሷ የምትገዛው ግን በሽተኛው ባለበት ግዛት ሕግ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በስምምነቱ ውስጥ ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም። ስለዚህ ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ለጊዜያዊ ሥራ የምትሄድ ሐበሻ ነርስ አዲስ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ሎስ አንጀለስ ለመሥራት ግን ሌላ ማመልከቻ ታስገባለች፣ ሌላ ክፍያም ትከፍላለች።

በእኛ አገር የክልል ድንበር ይህን ያህል አይከብድም። ተመራቂው የሚፈተነው ጤና ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን አንድ አገር አቀፍ የብቃት ፈተና ነው፤ ከጎንደር መተማ የምትወርድ ነርስ ደግሞ ከክልሏ እንኳ አልወጣችም። ፈቃድ ከባድ የሚሆነው ድልድዩ ላይ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎችም ሰፈረ። በዚያው ክረምት ኩመር ላይ ኮሌራ ተነሣ። ከገቡት መካከል የጤና ሙያ ያለው ሰው ቢኖርም የካርቱም ፈቃዱ እዚህ አያሠራውም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብትን ሰጥቷል፤ በጤና ሙያ ለመሠማራት ግን የትምህርት ማስረጃን ማረጋገጥና የኢትዮጵያን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። በሽታው በአንድ ቀን የሚሻገረውን ወንዝ ፈቃዱ በወራት አይሻገረውም።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ። በአሜሪካ ተዘዋዋሪ ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ለ13 ሳምንት ትዋዋላለች፤ አሠሪዋ ከደመወዝ በተጨማሪ የቤትና የምግብ ገንዘብ ይሰጣታል። ይህ ገንዘብ ከግብር ነፃ የሚሆነው በሌላ ቦታ ቋሚ ቤት ካላትና የሁለቱንም ቤት ወጪ በእርግጥ የምትሸፍን ከሆነ ነው። በአንድ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ እንደምትቆይ ከታወቀ ነፃነቱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ተቀጣሪ ሠራተኛ ከራሱ ኪስ ያወጣውን የጉዞ ወጪ ከፌዴራል ገቢ ግብሩ ላይ ማስቀነስ አይችልም።

የኢትዮጵያ ሕግም በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ያው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ተቀጣሪ ሠራተኛ ለሥራው ያወጣውን ወጪ ከግብር አያስቀንስም። ሕጉ የሚያውቀው አሠሪው የሚከፍላቸውን፣ በስም የተለዩ ክፍያዎች ነው፦ የመጓጓዣ አበል፣ የውሎ አበል፣ እንዲሁም አስቸጋሪ የአየር ጠባይ ባለበት ቦታ ለሚሠራ የሚከፈለው፣ በተለምዶ የበረሃ አበል የሚባለው። እነዚህ በመመሪያ በተወሰነላቸው ልክ ከግብር ነፃ ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ደመወዟ 11,500 ብር የሆነ ነርስ እንውሰድ፤ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው መነሻ ይህ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ ስሌት ግብሯ 2,100 ብር ነው፤ 7 በመቶ ጡረታዋ 805 ብር ነው፤ እጇ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል። አሁን ለምሳሌ ያህል 2,000 ብር ይጨመርላት። ጭማሪው የበረሃ አበል ከሆነና በመመሪያው ልክ ካረፈ ሙሉው ይደርሳታል። በሌላ ስም፣ ለምሳሌ እንደ ማበረታቻ፣ ከተከፈለ 30 በመቶው ማለትም 600 ብር ለግብር ይሄዳል። ልጆቿን ጎንደር ትታ መተማ ቤት ብትከራይ ኪራዩ በዚህ ስሌት ውስጥ የትም አይገባም።

እንግዲህ የአሜሪካው ሕግ ሁለት ቤት መኖሩን ይጠይቃል፤ የእኛው የቦታውን አስቸጋሪነትና የክፍያውን ስም። በአንድ ነገር የእኛው ለመተማ የተሻለ ይመስለኛል፤ ነርሷ ዓመት ስለቆየች ነፃነቱን አይነፍጋትም፣ ለካላዛር ክፍል ደግሞ የቆየች ነርስ ታስፈልጋለች። ጉድለቱ ሁሉን ነገር በአሠሪው እጅ መተዉ ነው። አሠሪው አበሉን ካልመደበ ወይም በሌላ ስም ከጻፈው፣ ነርሷ ደረሰኝ ሰብስባ ግብር ሰብሳቢው ፊት ብትቀርብም የምታስመልሰው የለም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አስጊ ባደረገበት ጊዜ ደግሞ ይህ ጉድለት ይበልጥ ይሰማል።

የምደባ ደብዳቤ የደረሳት ነርስ ከመፈረሟ በፊት የገንዘቡን መጠን ብቻ አትይ፤ ክፍያው በምን ስም እንደተጻፈ ታንብብ፤ ስሙ ካልተጻፈም እንዲጻፍላት ትጠይቅ።