ዳጉ እና ዕብራይስጥ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ስትሄዱ ሙቀቱ አያስተኛችሁም። ገዋኔን እንዳለፍን ስልኬን አውጥቼ ስለ ዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው አፋር ተማሪ ስክሪኑን አየት አደረገና «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» አለኝ።

«የኛ ሰዎች ስላሉበት» አልኩት። በልጅነታቸው ከዚህ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ በዕብራይስጥ ልቦለድ ይጽፋሉ። ኦምሪ ተገምላክ አቬራ እ.ኤ.አ. በ2008 «አስተራይ»ን፣ ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን በ2013 «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» የተሰኘ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አሳትመዋል። እነዚህን የሚያጠና ምሁር ዕብራይስጥ ብቻ ቢያውቅ ግማሹ ያመልጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ስምና ትዝታ የዚህ አገር ነው።

ዕብራይስጥ ራሱ ጉደኛ ታሪክ አለው። ለብዙ መቶ ዓመታት የጸሎትና የጽሕፈት ቋንቋ ነበር፣ እንደኛ ግዕዝ በሉት። የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ልቦለድ፣ የአብርሃም ማፑ «የጽዮን ፍቅር»፣ በ1853 ሲታተም ልጆቹን በዕብራይስጥ የሚያሳድግ ቤተሰብ አልነበረም። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኢየሩሳሌም የገባው በ1881 ነው፤ ልጁን በዕብራይስጥ ብቻ አሳደገው። በ1966 ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን በዚሁ ቋንቋ ጽፎ የኖቤል ሽልማት ተጋራ። በ85 ዓመት ውስጥ!

«እኛ ደግሞ ተቃራኒው ነን» አለ ልጁ። እውነቱን ነው። አፋርኛ ቤቱንም ገበያውንም ሞልቶታል፤ የጎደለው መጽሐፉ ነው።

«ዳጉ ግን አለን» ብሎ ቀጠለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ማን አየ፣ የት፣ መቼ ብሎ ይጠይቃል። የሥነ ጽሑፍ ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም መሰለኝ፦ ማን ጻፈው፣ ከየት ሰማው፣ ለማን ነገረው? ዕብራይስጥን ጸሐፊዎቹ ብቻ አላቆሙትም፤ እንዲህ የሚጠይቁ አንባቢዎችና መምህራንም ነበሩት።

ሎግያ ልንደርስ ስንል ልጁ የራሱን ስልክ አወጣ። «አያቴ የምትነግረኝ ተረት አለ፣ ጽፌው አላውቅም።» በላቲን ፊደል፣ በአፋርኛ ሁለት መስመር ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ አልገባኝም። ከኋላችን የተቀመጡት እናት ግን ሰምተው ሳቁ፤ አንዲት ቃልም አረሙት። ልጁ ሰረዘና እንደገና ጻፈ።