አፍ የሌላት አጥንት በሊታ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 የሞንቴሬይ ቤይ አኳሪየም ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች፣ ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ማዶ፣ ቲቡሮን የተባለች ሰው አልባ ሰርጓጅ ወደ 2,891 ሜትር ጥልቀት አወረዱ። የዋግ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእሷ እስከ ባሕር ጠለል ያለው ቁልቁለት ሁሉ ያን ጥልቀት አይሞላም።

ሮበርት ቭሪየንሁክና ባልደረቦቹ የሚፈልጉት ዛጎል ለበስ እንስሳትን ነበር። የካሜራው መብራት ያረፈው ግን በአንድ የሞተ ግራጫ ዓሣ ነባሪ አጽም ላይ ነው። አጥንቱን ቀያይ ላባ መሳይ ነገር ወርሶታል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ላባው ሁሉ የትል ጫፍ ሆኖ ተገኘ።

ግራጫ ዓሣ ነባሪ በሕይወት ሳለ እስከ 14 ሜትር ይረዝማል፣ ከ30 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሳንባ ስላለው ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግልገሉንም ያጠባል። ትሏ ከጣት አትበልጥም። ኦክስጅን የምትስበው በላባዋ ነው፤ አፍም ሆድም የላትም።

ታዲያ በምን ትበላለች? ተመራማሪዎቹ ሻና ጎፍሬዲና ግሬግ ራውስ አጥንቱን ከፍተው ሲመረምሩ፣ የትሏ የታችኛው አካል እንደ ሥር ተከፋፍሎ ወደ ውስጥ መዝለቁን፣ በሥሮቹም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን አዩ። በእኛ ደጋ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ዓለት ላይ የሚፈጠፍጠው ጺማም አሞራ አጥንቱን የሚያሟሟው በሆዱ አሲድ ነው፤ ትሏ ግን አሲዱን ከሥሮቿ ቆዳ ታመነጫለች። ይህም በጥናት የተረጋገጠው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሌላም እንቆቅልሽ ነበር፤ የተገኙት ትሎች ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹን ያገኟቸው በማይክሮስኮፕ ነው። ደቃቃ እጭ እንደመሰሉ፣ ሳያድጉ፣ በአንዲት ሴት ቱቦ ውስጥ በብዛት ተጠልለው ይኖራሉ። ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ትሎቹ ኦሴዳክስ የሚል ስም ተሰጥቷቸው ግኝቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። በዘረመል ስሌት የወገናቸው ዕድሜ ወደ 42 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ይህም ዓሣ ነባሪዎች ወደ ባሕር ከገቡበት ዘመን ጋር ስለሚቀራረብ፣ ትሎቹ የዓሣ ነባሪን ሬሳ ተከትለው የመጡ መሰሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ተመራማሪዎቹ ሲልቪያ ዳኒስና ኒኮላስ ሂግስ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነውን የፕሌሲዮሰር፣ ማለትም አንገተ ረጅም የባሕር ተሳቢ፣ አጥንት በሲቲ ስካን ሲመረምሩ የኦሴዳክስን ጉድጓዶች አገኙ። ዓሣ ነባሪ ያኔ አልነበረም። ትሏ ቀድማዋለች።

ግኝቱ ለቅሪተ አካል ፈላጊዎች ከባድ ጥያቄ አመጣ፤ ትሏ አጥንት እየበላች ያን ያህል ዘመን ከኖረች፣ ከባሕር አጽሞች ውስጥ ወደ ድንጋይነት ሳይለወጡ የጠፉት ስንቶቹ ናቸው? አሁን በቆዩ የባሕር አጥንቶች ላይ ጥርስና መገጣጠሚያ ብቻ ሳይሆን ቀዳዳም ይፈለጋል።